ያለ ድምፃዊ የተሠሩ የኢትዮጵያ አልበሞች፦ ከየትኛው መጀመር ይሻላል?

የኢትዮጵያን የመሣሪያ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሙላቱ አስታጥቄ ይጀመራል። አንዱ የኢትዮ ጃዝ አባትነቱን ያነሳል፤ ሌላው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን እያለ ስለ ማንም ማውራት አይገባም ይላል፤ ሦስተኛው የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ይጠቅሳል፤ አራተኛው ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አስታውሶ የቀረውን ሁሉ የምሽት ክበብ ሙዚቃ ያደርገዋል። ጨዋታው ለሚያውቁት ሰዎች ጣዕም አለው። ከእነዚህ አልበሞች አንዱንም ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ለማያውቅ፣ ከየት ልጀምር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይረዳውም። ሥራዎቹ በአንድ ሚዛን ተቀምጠው የሚበላለጡ አይደሉም፤ የተሠሩበት ቦታና ጊዜ፣ የታሰበላቸው አድማጭና ከጆሮ የሚጠይቁት ትዕግሥት በጣም ይለያያል።

የራሴን አቋም አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ አማርኛ ለሚሰማ ሰው የመጀመሪያው አልበም የሙላቱ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ይህን የምለው ሙላቱን ለማሳነስ አይደለም። የውጭው አድማጭ ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የገባበት በር በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ ለተባለው አሳታሚ ካዘጋጃቸው ኢትዮፒክስ የተባሉ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች የሙላቱ የሆነው አራተኛው በ1998 ወጣ፣ በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ ብሮክን ፍላወርስ በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ዜማዎች ተጠቀመባቸውና ስሙ በብዙ አገር ታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚያ አድማጭ ቃል የሌለበት ሙዚቃ ቋንቋ የማይጠይቅ ሙዚቃ ነበር። የእኛ ጉዳይ ግን ተቃራኒው ነው። ጆሯችን ያደገው በግጥም ነው፤ ዘፈን ስንመዝን መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን አለ ብለን ነው፤ በተለምዶ ክላሲካል የምንለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ደግሞ ለረጅም ዘመን ያወቅነው በሬዲዮ ፕሮግራሞች መካከል እንደ መሸጋገሪያ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ደግሞ እንደ ማጀቢያ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚቀለው መግቢያ ቃሉን በልባችን የምናውቀው ዜማ ያለበት አልበም ነው፤ መሣሪያው ሲጫወት ግጥሙን እኛ እንሞላዋለንና።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ከሁሉ የሚቀድመው በ1977 የወጣው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ አልበም ጨ በለው ነው። ዋልያስ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረ ባንድ ሲሆን ዘመኑም የደርግ ሰዓት እላፊ የነበረበት ነበር። ማታ የገባ ሰው ሰዓት እላፊው እስኪነሳ ድረስ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል የምሽት ክበብ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወተ ሰውን ማቆየት ነበረበት፤ ይህን እውነታ የማያውቅ ሰው እንኳ አልበሙን ሲሰማ ሙዚቀኞቹ ለረጅም ጊዜ አብረው የተጫወቱ መሆናቸውን ይረዳል። ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ማንም አይጣደፍም። ኃይሉ በኦርጋኑ ዜማውን ሲመራ ድምፃዊ የሚያደርገውን እያንዳንዱን መጎተትና ማንቀጥቀጥ በጣቱ ያደርገዋል፤ ሎሚ ተራ ተራን ወይም እባክሽ ታረቂኝን ሲጫወት የሚሰማ አበሻ ሳያስበው ማንጎራጎር መጀመሩ አይቀርም። በዚሁ አልበም ያለው ሙዚቃዊ ስልት የተባለው ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እየተመላለሰ በሚመጣ አንድ አጭር ሐረግ ላይ የተገነባና ለጭፈራ የታሰበ በመሆኑ ከአልበሙ ሁሉ በውጭ አገር ባንዶች ደጋግሞ የተጫወተው እሱ ነው። አንድ አድማጭ ከአልበሙ ሥራዎች መካከል ሙዚቃዊ ስልትን ከሌሎቹ አብልጦ ከወደደ ጆሮው ወደ ምት የሚያደላ ነው ማለት ነው፤ የሚያስለቅስ ፍቅር የተባለውን ሥራ ከመረጠ ደግሞ የዜማ ሰው ነው። ቀጣዩን አልበም ለመምረጥ ይህ ልዩነት ከማንኛውም የጓደኛ ምክር የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

የዜማ ሰው የሆነው አድማጭ ቀጥሎ ቢሰማው የምመክረው የዚሁ የኃይሉ መርጊያን ሌላ ሥራ ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ሲጓዝ ከአባላቱ ከፊሎቹ ተመልሰዋል፣ ኃይሉ ግን እዚያው ዋሽንግተን ቀረ፤ በ1985ም ባንድ ሳይኖረው ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በማሽን ከበሮ ሸሞንሟናዬ የተባለውን ካሴት ሠራ። ካሴቱ ብዙም ሳይወራለት ከቆየ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የነበረው ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የውጭ ጋዜጦች ወደውት ደጋግመው ጽፈውታል። ለምርጫችን ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚጠቅመን ወገኔ የተባለው ዜማ በሁለቱም አልበሞች ውስጥ መኖሩ ነው። በ1977ቱ ቅጂ ባንዱ በሙሉ ተሸክሞ ያመጣዋል፤ በ1985ቱ ግን ያው ዜማ ብቻውን በሆነ ሰው እጅ፣ ስሕተት በማያውቅና ዝንፍ በማይል የማሽን ምት ላይ ተንሳፍፎ ይሰማል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የትኛው እንደሚስማማው ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የማሽኑ ከበሮ ደረቅነት የሚያስጠላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። እኔ ግን የአኮርዲዮኑ እስትንፋስ በዚያ ደረቅ ምት ላይ ሲተኛ ይበልጥ ሰው ሰው ይሸተኛል። አኮርዲዮን በአባቶቻችን ዘመን የመሸታ ቤትና የጦር ሠራዊት ባንድ መሣሪያ ስለነበረ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ስጦታ የሚሆን አልበም ለሚፈልግም ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

የምት ሰው የሆነው አድማጭ ደግሞ አሁን ወደ ሙላቱ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች አሉት፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ግራ ይጋባል። የመጀመሪያው በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የተቀረጸው ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ ነው። ይህ ሰባት ሥራዎች ያሉት፣ ከመጀመሪያው እንደ አንድ አልበም የታሰበ፣ የሙዚቀኞቹ ቅንብርና የድምፁ ቀለም ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው የማይለወጥ ሥራ ነው። ሁለተኛው ቀደም ብዬ ያነሳሁት አራተኛው ኢትዮፒክስ ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት የተቀረጹ ሥራዎችን ከያሉበት የሰበሰበ ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባው የሙዚቃ ገበያ በዋናነት የትንንሽ ሸክላ ገበያ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1969 በከፈተው አምሃ ሬከርድስ በኩል ከወጡት ሥራዎች የሚበዙት በእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ዜማ የያዙ ነበሩ። ስለሆነም ዛሬ የወርቃማው ዘመን አልበም ብለን የምንሰማው ብዙ ነገር በእርግጥ አልበም ሳይሆን ኋላ ላይ የተደረደረ ስብስብ ነው፤ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ስንሻገር የስሜት መዝለል ቢሰማን ጥፋቱ የእኛ አይደለም።

ሁለቱ የሚለያዩት በጣዕምም ጭምር ነው። ሙላቱ በእንግሊዝ፣ ቀጥሎም በቦስተን ተምሮ፣ በ1966 በኒውዮርክ አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉ ሁለት አልበሞችን ያሳተመ ሰው ስለሆነ የኮንጋ ከበሮና የላቲን ምት በእጁ የገቡት አዲስ አበባ ላይ ከመታወቁ በፊት ነው። የ1972ቱ አልበም ይህን ትምህርቱን በግልጽ ያሳያል። አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከታች በአሥራ ሁለቱ ድምፆች ሃርመኒ ሲደግፋቸው፣ የሰለጠነ ጆሮ የሌለው የእኛ ሰው ዜማው ከቦታው የሸሸ ይመስለዋል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ኩሉን ማን ኳለሽ ነው። ይህን ዜማ የሰርግ ቤት ከበሮና ጭብጨባ ሳይኖር ያሰበው አበሻ ብዙ አይመስለኝም፤ ሙላቱ ግን አርግቦና አለስልሶ፣ ለዋሽንት በሚቀርበው ፍሉት አስይዞ ያቀርበዋል። አንዳንዱ ሰው ዜማው ተነጠቀብኝ ብሎ ይቆጣል። በእኔ አስተያየት የአልበሙ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ሙሽራዋ እናቷን ተሰናብታ ስትወጣ የሚኖረው ስሜት ከጭብጨባው ሥር ተሸሽጎ የኖረ እንደነበረ የገባኝ እሱን ስሰማ ነው። ሙናዬ፣ ደወልና ካሳለፍኩት ሁሉ የተባሉት ሥራዎች በሁለቱም ውስጥ ስለሚገኙ እነሱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። አራተኛው ኢትዮፒክስ ግን ትዝታ የበዛበት ነው፤ የገሌ ትዝታና የከርሞ ሰው የሚገኙት በእሱ ውስጥ ነው። በአጭሩ፣ የተሟላ የድምፅ ዓለም ለሚፈልግ የ1972ቱን፣ ትዝታ ሳይሰማ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሰማሁ ለማይል ሰው ደግሞ አራተኛውን ኢትዮፒክስ እመርጣለሁ። አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ አራተኛውን እለዋለሁ፤ ጊዜውም ስለሚረዝም፣ ልዩ ልዩ ነገርም ስላለበት።

ከዚህ በኋላ የመጡትን የሙላቱ ሥራዎች በተመለከተ ብዙ መዘርዘር አያስፈልግም። በ2009 ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ባንድ ጋር የሠራው አልበም ጨለም ያለና የሮክ ምት የሚነካካ ስለሆነ ለወጣት ጆሮ ይቀርባል። በ2013 የወጣው ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ የአገር ባህል መሣሪያዎችን በጉልህ ያስገባ ቢሆንም የሰው ድምፅም ያለበት በመሆኑ ከዚህ ንጽጽር ወጣ ይላል።

ጌታቸው መኩሪያን በመጀመሪያ አልበምነት ለማንም አልመክርም፤ በሦስተኛነት ግን ሳይሰሙት ማለፍ ነውር ነው። አሥራ አራተኛው ኢትዮፒክስ የእሱ ብቻ ሲሆን፣ የሥራው መሠረት ሽለላ ነው፤ ጦረኛው ከመዝመቱ በፊት የሚሸልለውን፣ ያለ ቋሚ ምት የሚፈስሰውን ድምፅ በሳክስፎን አስገብቶ እየነፋ ጆሮን ይዞ ያንገላታዋል። የውጭ ተቺዎች ይህን ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል፤ ይሁን እንጂ ሽለላና ፉከራ ያደመጠ ሰው ምንጩን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። እዚህም የማነጻጸሪያ ዘዴያችን ይሠራል፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985ቱ ካሴት ላይ ሽለላ የተባለ ሥራ ስላለው ሁለቱን ማቀራረብ ይቻላል። በኃይሉ እጅ ሽለላ ከሩቅ እንደሚታወስ ነገር ነው፤ በጌታቸው እስትንፋስ ግን ጠላት ፊት ለፊት ቆሟል። ሮክ የሚወድ አድማጭ ከዚህ ይልቅ ጌታቸው በ2006 ከደች ባንዱ ዘ ኤክስ ጋር የሠራውን ሞኣ አንበሳን አስቀድሞ ቢሰማ ሳይቀለው አይቀርም። አልበሙን እንግዳ በተጠራበት ቤት መክፈት ግን አይመከርም፤ ጨዋታ ያቋርጣል።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ከዚህ ሁሉ ተለይተው መታየት አለባቸው። በ2006 የወጣው ሃያ አንደኛው ኢትዮፒክስ የእሳቸው የፒያኖ ሥራዎች ስብስብ ሲሆን፣ ከበሮ የለበትም፣ ቤዝ የለበትም፣ የሚያጅባቸውም ሰው የለም። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በካይሮ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ያጠኑ፣ በኋላም መንኩሰው የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2023 እዚያው ያረፉ እናት ናቸው። ሙዚቃቸውን ጃዝ ወይም ብሉዝ በሚል መደብ ውስጥ የሚያስቀምጡ አድማጮች አጋጥመውኛል፤ እኔ አልስማማም። ጣታቸው ላይ የሚሰሙት ሁለት ነገሮች የአውሮፓው ክላሲካል ፒያኖና የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ናቸው፤ ምቱ የሚጎተተውና የሚፈጥነው እንደ ማሕሌቱ በእስትንፋስ እንጂ በቆጠራ አይደለም። ስለዚህ በጃዝ ጆሮ የቀረበ ሰው ምቱ የተዛባ መስሎት ይተወዋል፤ ቅዳሴና ማሕሌት ያደመጠ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ለሚሠራ፣ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚስማማው ይህ አልበም ነው። መኪና ውስጥ ግን አይሆንም፤ ዝግ ብሎ የሚነካውን ድምፅ የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል።

የድሮውን ዜማ በአዲስ ቀረጻ መስማት የሚሻ ሰው ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር የመሠረተውን አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የተባለ ባንድ ይሞክር፤ አየለ ማሞ በማንዶሊኑ የተሳተፈበት ትውስታ የተባለው አልበማቸው አኮርዲዮንና ክላርኔት ያለበት፣ ለስላሳና ለቤተሰብ ምሳ የሚሆን ነው። ፒያኖ ለሚወዱና የእማሆይን ዝግታ ላልቻሉ ወጣቶች ደግሞ በ2012 የወጣው የሳሙኤል ይርጋ ጉዞ አለ፤ በከፊል የሰው ድምፅ ቢኖርበትም የፒያኖው ጉልበት ያመዝናል።

በውጭ አገር ለሚያድጉና አማርኛ ለማይሰሙ ልጆች የሚመርጥ ወላጅ ግን ከላይ ያልኩትን ቅደም ተከተል ይገልብጠው። ልጁ ወገኔን በግጥሙ ስለማያውቀው ጨ በለው ለእሱ ያለው ትርጉም ለወላጁ ያለውን ያህል አይሆንም። ለልጁ የሙላቱ ምት ይቀርበዋል፤ ሂፕ ሆፕ የሚሰማ ወጣት ከሆነ የሙላቱን ዘመን ድምፆች በሥራዎቻቸው ውስጥ ቆርጠው ባስገቡ አዘጋጆች በኩል ሳያውቀው ሰምቶት ሊሆንም ይችላል። ወላጅ የሚወደውን አልበም በልጅ ላይ ከመጫን ይልቅ ልጁ በሙላቱ ገብቶ በራሱ ጊዜ ወደ ኃይሉ እንዲመጣ መፍቀድ ይሻላል።

ስለ ሸክላና ስለ ዲጂታል ቅጂ ጥቂት ልበል። የመጀመሪያዎቹ የአምሃና የሌሎች አሳታሚዎች ሸክላዎች ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነዋል፤ ዋጋቸውም ለማድመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሚቀመስ አይደለም፤ ብዙዎቹም ተቧጭረው ስለሚገኙ በገንዘቡ የሚገዛው ቅርስ እንጂ ጥራት ያለው ድምፅ አይደለም። ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ በ2017፣ ጨ በለው በ2014 እንደገና ታትመዋል፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው እነዚህን ይግዛ። ማጫወቻ የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ማድመጥ ብሎ ማጫወቻ መግዛት የለበትም። ይልቅ ገንዘቡን ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ቤዝ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ ላይ ቢያውል ይጠቀማል፤ የዋልያስን ሥራ በስልክ ድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው ግማሹን ባንድ አልሰማም፤ የቤዝ ጊታሩ መስመር ሙሉ በሙሉ ይጠፋልና።

በኢንተርኔት ለሚፈልጉትም አንድ ምክር አለ። የኢትዮፒክስና የአንዳንድ ሸክላዎች ርእሶች በላቲን ፊደል የተጻፉት የፈረንሳይኛን ልማድ በመከተል ስለሆነ እኛ በስልካችን በምንጽፍበት መንገድ ሲፈለጉ ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ በአልበሙ ስም ካልተገኘ በሙዚቀኛው ስም፣ በእሱም ካልሆነ በኢትዮፒክስ ቁጥር መፈለግ ያዋጣል። በግለሰቦች የተጫኑ ቅጂዎች ደግሞ አንዳንዴ ፍጥነታቸው የተዛባ ስለሚሆን ቅኝቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ስለዚህ አንድ አልበም አልወደድኩትም ብሎ ከመተው በፊት አሳታሚው ራሱ ባወጣው ቅጂ አንድ ጊዜ ማድመጥ ተገቢ ነው።